አምስተኛው ዙምባራ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነኝ፣ ጂኒ ነው፣ መንፈስ ነው ሲባል ሳቄ ይመጣል፣ የማጠናውም የአፈር ሳይንስ ነው፣ ያልለካሁትን አላምንም። ይሄኛውን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፣ እመኑኝ፣ አብረውኝ የነበሩትም ሰምተዋል።

ዘንድሮ እዚህ አሶሳ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የኪነ ጥበብ ውድድር አለ፣ ያሸነፈ ቡድን አዲስ አበባ ይሄዳል ሲባል፣ የክፍል ጓደኛዬ ያሲን ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «ዙምባራ እንነፋለን!» አለኝ። ያሲን የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፣ እኔ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ የባምባሲ ልጅ ነኝ፣ ዙምባራ ሰርግ ላይ ከማየት በቀር ነክቼ አላውቅም። ለማያውቅ ልንገር፣ ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፣ አንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው፣ አንድ ሰው ከጎደለ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ይሆናል።

ከያሲን አጎት ከሼህ ኢድሪስ አምስት ዙምባራ ተውሰን፣ አምስት ሆነን ሁለት ወር ተለማመድን፣ ከንፈራችን አበጠ፣ የዶርም ጎረቤቶቻችን ረገሙን፣ እኛ ግን ደስታ አሰከረን። ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ታዲያ አምስተኛችን ሐሚድ ጉባ፣ ግድቡ ጋ ሥራ አገኘና «ይቅር በሉኝ» ብሎን ሄደ። በሦስት ቀን ማን ይሠለጥናል? በአራት ለመግባት ወሰንን።

በመጨረሻው ልምምድ የሐሚድ ተራ ላይ ከበሩ በኩል ደከም ያለ «ቡ» የሚል ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ነፋስ ነው አልኩ። ያሲን አየኝ፣ አየሁት፣ መንፋታችንን ቀጠልን።

የውድድሩ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ በመስኮት ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። ሼህ ኢድሪስ መሣሪያዎቹ አይነጣጠሉም ስላሉን የሐሚድን ዙምባራ ከኋላችን ባዶ ወንበር ላይ አስደገፍነው። ጀመርን። የመጀመሪያው ዙር ላይ ክፍተቱ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ዙር፣ ልክ በቦታው፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ። በሦስተኛውም ገባ። ገመቹ የሚባለው ጓደኛችን ዓይኑ ፈጦ ከጎኔ ይነፋል፣ ከኋላዬ ደግሞ ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ ይሰማኛል። ፈራህ ወይ ብትሉኝ፣ አልፈራሁም፣ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ተደስቼ አላውቅም! ሰዉ ቆሞ ጨፈረ፣ አንደኛ ወጣን፣ ተቃቅፈን ዘለልን።

ሼህ ኢድሪስ አዳራሹ ሞልቶባቸው ውጭ ማንጎ ሥር ሆነው ነበር ያዳመጡት።

«ማሻአላህ! አምስተኛው ልጅ ሁላችሁንም በለጠ፣ ወላሂ። የታል?»

«አጎቴ፣ እኛ እኮ አራት ነበርን» አለ ያሲን።

ሽማግሌው የሐሚድን ዙምባራ ተቀብለው አፉን በጣታቸው ነኩት። ርጥብ ነበር፣ ምራቁ ሲያብለጨልጭ በዓይኔ አይቻለሁ። በጀለቢያቸው ጫፍ ጠረጉትና «አዲስ አበባ አምስቱንም ውሰዱ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የዚህኛው ቦታ ላይ ግን ሰው እንዳታስገቡ።» ለምን ብንላቸው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ሐሚድ ጋ ስንደውል ያን ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረ ነገረን፣ ስለሰማነው ነገር ግን ትንፍሽ አላልንለትም።

ጉዟችን የፊታችን ሐሙስ ነው። ትናንት ሐሚድ ራሱ ደወለ፣ ፈቃድ አግኝቶ በደስታ ይጮኻል፣ «መጣሁላችሁ! ቦታዬን ጠብቁልኝ!» ይላል።

ያሲን ስልኩን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

«እሺ» አለው። ሌላ ምን ይበለው?