ያለ ዓይን የሄደችው መኪና

«ወደ ፊት ነው ያልኩሽ! ወደ ፊት!»

መኪናዋ ግን አልሰማችም። ግራ ጎማዋ ወደ ፊት፣ ቀኝ ጎማዋ ወደ ኋላ እየዞረ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ እንደ እንዝርት ትሾር ጀመር። ሐምዛ ከጠርዙ እንዳትወድቅ በሁለት እጁ ከለላትና በሳቅ ፈነዳ።

«ዓይናዲስ፣ ይቺ እኮ መኪና አይደለችም። ሰርግ ቤት የገባች ነው የሚመስላት!»

ዓይናዲስም ከላፕቶፑ ቀና ሳትል ሳቀች። «ኮዱ ልክ ነው። የአንዱን ሞተር ሽቦ ገልብጠኸው ነው። ቀዩንና ጥቁሩን አቀያይራቸው።»

ሐምዛ ካቻቢቴውን አንስቶ ብሎኖቹን አላላ፤ ሽቦዎቹን አቀያየረና መልሶ አጠበቀ። ዓይናዲስ ትንፋሿን ይዛ ቁልፉን ተጫነች። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ዞሩ። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ግን ቀጥ ብላ፣ ጠረጴዛውን አቋርጣ መጣችና የዓይናዲስን ክንድ ገጭታ ቆመች።

ሐምዛ እንደ ኳስ ደጋፊ ጮኸ። ዓይናዲስ ግን መጮህም አልቻለችም። ጠዋት ከካርቶን ሲያወጧት አንድ ላስቲክ ሙሉ ብሎን፣ ሁለት ሞተር፣ ጥቂት ጎማና አንዲት ሰማያዊ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበረች። አሁን ዓይናዲስ የጻፈችው ቃል ተነስቶ ሄደ። ያቺ ሦስት መስመር ኮድ፣ በጣቷ የመታቻት፣ ጎማ አውጥታ ወደ እሷ መጣች!

ካርቶኖቹን ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ የላከው አብዮት የሚባል የቀድሞ ተማሪ ነው። አዲስ አበባ ከጓደኞቹ ጋር አሰባስቦ ነበር የላካቸው። የክበቡ ኃላፊ የፊዚክስ መምህሩ እስጢፋኖስ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ ካርቶን አድለዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ማራኪ ሰፈር፣ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም ቡድን መኪናውን ለሕዝብ ያሳያል። ዓይናዲስና ሐምዛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከሁሉም ቡድን ቀድመው ማስኬድ የቻሉትም እነሱ ናቸው።

«አሁን ዓይኗን!» አለ ሐምዛ።

ዓይን የሚሉት ሴንሰሩን ነው። ፊት ለፊት የሚገጠም፣ ሁለት ክብ ነገር ጎን ለጎን ያለው፣ እውነትም የጉጉት ዓይን የሚመስል ዕቃ ነው። በአንዱ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ በሌላው ይቀበላል። መኪናዋ እንቅፋት መኖሩን የምታውቀው በእሱ ነው።

ሐምዛ ቸኩሏል። ዓይናዲስ ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ ሲገባ አየች። «ቆይ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱ ግን ባትሪውን አብርቷል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታቸው። ሐምዛ ሴንሰሩን ነክቶ ጣቱን ወዲያው ሳበ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» መምህር እስጢፋኖስ ከወዲያኛው ጠረጴዛ መጡ።

«ቲቸር፣ ይሄ ከካርቶኑ ሲወጣም ብልሽት ነበረበት» አለ ሐምዛ በአንድ ትንፋሽ። «እኛ ልክ ነው የገጠምነው። ዝም ብሎ ጋለ።»

መምህሩ ወደ ዓይናዲስ ዞሩ። «እንደዚያ ነው?»

«እኔ… ኮዱን እየጻፍኩ ነበር» አለች።

የተናገረችው ውሸት አልነበረም። የተጠየቀችውን ግን አልመለሰችም።

መምህር እስጢፋኖስ ሴንሰሩን እያገላበጡ አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «በሉ፣ ሁላችሁም እጃችሁን አንሱ! አንዱ ከተቃጠለ የሌላውም ሊቃጠል ይችላል። የሰው ጣት ተቃጥሎ ኋላ ከማዝን አሁን ይቅር። ዕቃውን ለአብዮት መልሼ እልከዋለሁ፤ እሱ አስፈትሾ ይመልስልን።»

«ቲቸር፣ የእኛ እኮ ገና አልተነካም!» አለች ሰላም። ከበሩ አጠገብ ያለውን ቡድን የምትመራ ልጅ ናት፤ ጎማዎቹን መዳፏ ላይ ደርድራ ነበር።

«ስላልተነካ ነው የምዘጋው፣ ልጄ። የእነዚህ ግን ተገጥሟል። ሴንሰሩን ነቅለው በሞተሩ ብቻ ይለማመዱበት።»

ሰላም ጎማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሰች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሐምዛ እንደወትሮው አልቀለደም። «ባለፈው የማይክሮስኮፑን መስታወት ስሰብር ቲቸር ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ» አለ። «አንድ ዕቃ ብትደግም ከክበቡ ትወጣለህ ነው ያለኝ። ዓይናዲስ፣ በናትሽ እንዳታወጪብኝ።»

«ሰላም እነሱስ?»

«ይመለስላቸዋል እኮ! ትንሽ ቢቆይ ነው።» የአዘዞ ታክሲ ረዳት እየጠራ ነበር። ሐምዛ ሮጦ ተሳፈረና ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ፤ ፈገግታው ተመልሷል። «ደግሞ ስምሽ ዓይናዲስ አይደል? አዲስ ዓይን ስሪላት!»

እሑድ ጠዋት ዓይናዲስ ማራኪ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ መኪናዋን አስቀምጣ ፈዛ ታያታለች። ለቀልድ የተባለው ነገር ከአርብ ጀምሮ ከጭንቅላቷ አልወጣም። አዲስ ዓይን። ማየት ባትችልስ? መንካት ትችላለች እኮ!

ብድግ ብላ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች። እናቷ ዓሣ የምትጠቀልልበትን ፎይል ቀደደች። ከጫማ ካርቶን ሁለት ቁራጭ ቆርጣ በፎይል አለበሰቻቸው፤ መሀላቸው ላይ ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትንሽ ትንሽ ከትፋ አስገባች። ከመኪናዋ ፊት በናስትሮ ለጠፈቻቸው። ከእያንዳንዱ ፎይል አንድ ሽቦ ወደ ሰሌዳው ሄደ። መኪናዋ አንድ ነገር ስትገጭ ስፖንጁ ይጨመቃል፣ ፎይልና ፎይል ይነካካል፣ ሰሌዳው «ተነካሁ» ብሎ ያውቃል።

«ሰፍነጌን ማን በላው?» አለች እናቷ ከውስጥ።

«ለሳይንስ ነው፣ እማ!»

ኮዱን ጻፈች። ከተነካሽ ወደ ቀኝ ዙሪ፤ ካልተነካሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ለቀቀቻት። መኪናዋ በሲሚንቶው ላይ ተንደርድራ ግድግዳውን ገጨች። ለመዞር ሞከረች፤ አፍንጫዋ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ጎማዋ ባለበት እየተንሸራተተ ጮኸ። ዓይናዲስ አነሳቻት፤ እንደገና ለቀቀቻት። እንደገና ተጣበቀች። የመዞሪያውን ፍጥነት ጨመረች፤ መኪናዋ ግድግዳውን ይበልጥ ታግላ ፎይሉን ገነጠለችው። ጠግና መለሰችላት።

በዚህ መሀል የግቢው ሌላ ክፍል በር ተከፈተ። አንዳርጋቸው ነበር፤ እነሱ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የሕግ ተማሪ። ከዳባት ነው የመጣው፤ ዓይነ ሥውር ነው። ነጭ በትሩን እየሰደደ ወደ ቧንቧው ሲሄድ መኪናዋ መጥታ በትሩን ገጨች።

«ይህች ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ቆመ።

«አንዳርጌ፣ ይቅርታ! መኪናዬ ናት። ዓይን የላትም።»

«እንኳን ደህና መጣች! እንደ እኔ ያለ ሰው አገኘኋ።» አንዳርጋቸው ቁጢጥ ብሎ መኪናዋን ዳሰሰ፤ ጎማዋን፣ ሽቦዋን፣ የፎይል አፍንጫዋን። ዓይናዲስ እንዴት እንደምትሠራና የት እንደተቸገረች ነገረችው። እሱ ፎይሉን ጫን ለቀቅ እያደረገ አዳመጣት።

«ሸጋ ማኪና ናት። ግን ምነው ወዲያው ታዞሪያታለሽ?» አለ። «እኔ በትሬ ግድግዳ ሲነካ ባለሁበት አልዞርም። ብዞር ትከሻዬ ነው የሚላጠው። መጀመሪያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እልና፣ ከዚያ ነው የምዞር።»

ዓይናዲስ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወደ ኋላ!»

ላፕቶፑ ላይ ተደፋች። ከተነካሽ ቁሚ። ትንሽ ወደ ኋላ በይ። ከዚያ ዙሪ። አንዳርጋቸው ውኃ መቅዳቱን ትቶ አጠገቧ ቆመ።

መኪናዋ ሄደች። ግድግዳውን ነካች፤ ቆመች፤ ወደ ኋላ አለች፤ ዞራ ሄደች። የአበባ ማሰሮውን ነካች፤ ወደ ኋላ አለች፤ ዞረች። በጀሪካኑ፣ በደረጃው፣ በአንዳርጋቸው ጫማ… ግቢውን እየዳበሰች ዞረችው!

«ሄደች! አንዳርጌ፣ ሄደች!»

«እየሰማኋት ነው» አለ እየሳቀ፤ ፊቱ የጎማዋን ድምፅ ተከትሎ ይዞር ነበር። እናቷም ሳሙና የያዘ እጇን እያራገፈች ወጥታ ተመለከተች፤ ሰፍነጉንም ረሳችው።

ዓይናዲስ በእናቷ ስልክ ለሐምዛ ደወለች። ሐምዛ በደስታ ሲጮህ ስልኩን ከጆሮዋ ማራቅ ነበረባት። «አንቺ ጀግና ነሽ! ደግሞ አስቢው እስኪ! ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የምትሄደው የእኛ ብቻ ናት። የሚፎካከረን የለም። ፍዳቸውን ያያሉ!»

«አዎ» አለች ዓይናዲስ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ መኪናዋን አነሳቻት። ሞተሯ ገና ሞቃት ነበር። የእኛ ብቻ ናት የሚለው ነገር ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ደስታዋ ውስጥ እንደ ጠጠር ገባባት።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰላም አገኘቻት። «ሐምዛ ነገረኝ፣ በናትሽ አሳዪኝ!» አለች። ዓይናዲስ ሰላም ታኮርፋለች ብላ ነበር የጠበቀችው። ሰላም ግን መኪናዋን እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ያዘቻት። ፎይሉን በጣቷ ጫን አለችው። «ስፖንጁ ነው የሚመልሰው? ወይኔ፣ እንዴት ያምራል! ከኋላም ቢኖራት እኮ ወደ ኋላ ስትሄድም ታውቃለች።»

ዓይናዲስ ያንን አላሰበችውም ነበር። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው።

«እኛ እኮ ስም ሁሉ አውጥተንላት ነበር» አለች ሰላም መኪናዋን እየመለሰች። «መብረቅ። ጎማዋን እንኳ ሳንገጥም!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ከትምህርት በኋላ ዓይናዲስ ወደ ቤተ ሙከራው ስትገባ ሐምዛ ቀድሟታል። መምህር እስጢፋኖስ የቡድኖቹን ካርቶኖች በአንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ እየደረደሩ ነው። ሐምዛ የማሸጊያውን ፕላስተር ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

«መጣሽልኝ? በሉ አሳዩኝ፣ ሐምዛ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ዕረፍት ነሳኝ!» አሉ መምህሩ።

ዓይናዲስ መኪናዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ለቀቀቻት። መኪናዋ በወንበሮቹ እግር መሀል እየነካች፣ እያፈገፈገች፣ እየዞረች ሄደች። መምህር እስጢፋኖስ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። እንደ ሕፃን እጃቸውን ፊቷ ደቀኑባት፤ ነክታቸው ወደ ኋላ ስትል በሳቅ ተንከተከቱ።

«በፎይል! በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ! ይሄንን የሚያምን አለ?» ከዚያ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። «ቅዳሜ አዳራሹን ጉድ ታሰኙታላችሁ። የሚያሳዝነው የሌሎቹ ነው። ለአብዮትም ደውዬ ወቅሼዋለሁ፤ ዕቃ ሳይፈትሽ ይልካል? ልጁ አፍሮ የሚናገረው ጠፋው።» ወደ ሣጥኑ ዞሩ። «በል ሐምዛ፣ ፕላስተሩን።»

ሐምዛ ፕላስተሩን አላቀበላቸውም፤ አልነፈጋቸውምም። ጫፉን በጥፍሩ እየፈለገ ቆመ። ዓይናዲስን አያት።

መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። «ሐምዛ የሚነግርዎት ነገር አለ» ነበር ያዘጋጀችው። አሁን ግን የመምህሩ ጥያቄ ትዝ አላት፤ «እንደዚያ ነው?» ያን ጊዜ እሷም ያየችውን ደብቃ ነበር።

መኪናዋን አጠፋች።

«ቲቸር፣ ሣጥኑን አያሽጉት» አለች። «የምንነግርዎት ነገር አለን።»

ሐምዛ ፕላስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መጥቶ አጠገቧ ቆመ።