ከበሩ ኋላ የመለሰው

የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈታኙ ሲ ሸድሊ፣ በእኛ አቶ ሸድሊ፣ ከመሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ወድቆ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ተደፍቶ ነበር። ያገኘው ዘበኛው ነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ። የቱኒዚያዋ ስፋክስ በዚያ ሰዓት ምሳዋን ትበላለች፤ ሰው ከሰማይ ቢወድቅም ቀና ብላ አታይም።

ኢንስፔክተር መብሩካ ግን ምሳዋን አልበላችም ነበር። ስትመጣ መንገዱ ጥግ ላይ ወዳለው የሽማግሌው ሕሚዳ ሱቅ ጎራ ብላ ትኩስ የሽንብራ ሾርባውን፣ ላብላቢ የሚሉትን፣ ብትጠይቅ ሰውዬው «ላላ»፣ እመቤቴ፣ እያላት እጁን አራገፈ።

«ጋዙ ከጠዋት ጀምሮ አልቋል ላላ መብሩካ። የጋዙ መኪና የውሃ ሽታ ሆነ። ዳቦ በቱና ልስጥሽ?»

«ከረሃብ ይሻላል» ብላ ተቀበለችው፤ ግማሹን ጎርሳ ግማሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሬሳ እያዩ ማኘክ ነውር ነው።

ሬሳው ላይ ያየችው መጀመሪያ መነጽሩን ነው። አንገቱ ላይ በክር የሚንጠለጠል የማንበቢያ መነጽር ነው፤ አንዱ ዘንግ ግን ጆሮው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ብርጭቆውም ጉንጩ ሥር ተሰብሯል። እጆቹ ባዶ ናቸው። መብሩካ ኪሶቹን ፈተሸች፤ ከእስክሪብቶ በቀር ምንም የለም።

ድርጅቱ ለሆስፒታሎች መድኃኒት የሚያንጠባጥብ ማሽን ፕሮግራም ይሠራል። አርብ የሚሠሩት ግማሽ ቀን ስለሆነ ሌላው ሰው ወደየቤቱ ሄዷል። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ባለቤቱ ሲ ሙንጂ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው አኒስ፣ እና የሟቹ ረዳት ፈታኝ ሲሪን።

ሲ ሙንጂ ደረጃው ላይ ጠበቃት። «በጣም ያሳዝናል። ግን አስር ሰዓት ላይ አዲሱ ፕሮግራም ወደ ስምንት ሆስፒታሎች ይላካል፤ ቃል ገብቻለሁ። ሟቹ ራሱ ፈርሞበታል፣ ይኸው።» ወረቀቱ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ትክክለኛ መልስ ይላል። ከሥሩ የሰኞ ቀንና የሲ ሸድሊ ፊርማ አለ።

«ሰውየው ገና መሬት ላይ ነው፣ አንተ ሰዓት ትቆጥራለህ?»

ሲ ሙንጂ ወረቀቱን ሰጥቷት ቀድሟት ወደ ላይ ወጣ።

መብሩካ ሦስቱንም በየተራ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ ሲ ሸድሊ ሲወድቅ የት ነበራችሁ? ሙንጂ ቢሮዬ ስልክ ላይ ነበርኩ አለ። «መሃል ላይ መብራት ድርግም ብሎ መስመሩ ተቋረጠ፣ እንደገና ደወልኩ።»

አኒስ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ነው። «ሕሚዳ ጋ ነበርኩ። አርብ አርብ ላብላቢ ነው የምበላው፣ እንቁላል አስጨምሬ። በልቼ ስመለስ ግቢው ተተራምሷል።»

«ከሲ ሸድሊ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ አለ? ‹አርብ ከሰዓት ፕሮግራም የሚልክ አላህን ይፈታተናል› እያለ ያደርቀን ነበር። አላህ ይማረው።»

ሲሪን ዓይኗ አብጦ ገባች። «ሆስፒታል ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ስምንት ቀኗ ነው፣ ሁለት ኪሎ አትሞላም። ዛሬ ከመስኮቱ ጥግ ወደ በሩ አዛውረዋት ፈልጌ አጣኋት፤ ነፍሴ ወጥታ ነው የተመለሰችው።»

«ማሽኑ ላይ ናት?»

«አዎ።»

«አስር ሰዓት ላይ አዲሱ ፕሮግራም በእሷም ማሽን ላይ ይጫናል ማለት ነው።»

ሲሪን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ሲ ሸድሊ ፈርሟል ብዬ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

«ፈተና የምትሉትን እስቲ ለሞኝ እንደሚነገር ንገሪኝ።»

«ፕሮግራሙን ለብቻው እናስነሳዋለን። ፈተናው ውስጡን አያይም፤ በተዘጋ በር ከውጭ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ‹ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ስንት ጠብታ?› ይላል፤ ከውስጥ መልስ ይመጣል፤ ከትክክለኛው ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ፕሮግራሙን ገድለን እንደገና እናስነሳለን፣ ለሚቀጥለው ጥያቄ።»

«ትገድሉታላችሁ?»

«አባባሉ ነው ላላ።»

«ዛሬ አባባል ምረጪ።»

ሲሪን ከንፈሯን ነከሰች። «በተነሳ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ እንደ ክሊኒክ ወረፋ። መዝገቡ ላይ ከየመልሱ ጎን ይጻፋል። ከመላኩ በፊት ሲ ሸድሊ መዝገቡን አትሞ መስመር በመስመር ያነበው ነበር። ኮምፒውተሩ ያየውን ምን ደግመህ ታያለህ ብለን እንስቅበት ነበር።»

«መነጽሩን አድርጎ ይራመዳል?»

«በጭራሽ። በሱ ሩቅ ካየ ያዞረዋል፣ ደረጃ ላይ እንኳ ያወልቀዋል።»

መብሩካ ተነሳች። «ማተሚያችሁ መጨረሻ ያተመውን ያስታውሳል? ድገሚው።»

ማሽኑ አጉረምርሞ ወረቀት በወረቀት ላይ ተፋ። ሲሪን የመጀመሪያውን ገጽ አየች፣ ሁለተኛውን ገለጠች፣ የቀሩትንም እየተጣደፈች አገላበጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብሩካ ሦስቱንም መፈተኛ ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«ሲ ሸድሊ መነጽሩን አድርጎ ነው የወደቀው። ሊሞት የወጣ ሰው አያነብም፤ አየር ሊቀበል የወጣም እንደዚሁ። ጣሪያው ላይ ቆሞ እያነበበ ነበር። ታዲያ ወረቀቱ የት ሄደ? እጁ ባዶ፣ ኪሱ ባዶ፣ ግቢው ባዶ። አብሮት የነበረ ሰው ወሰደው። ማተሚያው ግን አፉን አልዘጋም። ሲሪን፣ ከጎን ያለውን ቁጥር አንብቢላቸው።»

«አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት» አለች ሲሪን። «አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት። አራት ሺህ…»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው አንድ ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት የተለያየ ቁጥር መሆን ነበረበት።»

ሲ ሙንጂ ወንበር ፈለገ። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ከበሩ ኋላ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ሁሉንም መለሰ ማለት ነው» አለች መብሩካ። « አዲሱ ፕሮግራም አንድም ጥያቄ አልተጠየቀም። አሮጌው፣ ለዓመታት የሠራው፣ ሳይዘጋ ቀርቶ ነው የመለሰው።»

«ስህተት ሊሆን ይችላል» አለ አኒስ። «ስህተትን በነፍስ ግድያ ትጠይቂያለሽ?»

«ለስህተቱ አይደለም። እኔም ሦስታችሁን በር ዘግቼ ጠይቄያለሁ። ዛሬን የኖረ ሰው ትናንት ያልነበረ ነገር ይናገራል። ሙንጂ መብራት ጠፋ አለኝ፤ ዘበኛውን ብጠይቀው መስጊዱም ድምፅ ማጉያው ተቋርጦ ነበር። ሲሪን ሕፃኗ ተዛወረች አለችኝ፤ ደውዬ አረጋገጥኩ። አንተ ላብላቢ በላሁ አልከኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ ግማሹን ዳቦ በቱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሕሚዳ ጋ ከጠዋት ጀምሮ እሳት የለም። ጥሩ መልስ ነበር አኒስ፣ ግን የባለፈው አርብ መልስ ነው። አንተም አሮጌውን ከበሩ ኋላ አስቀምጠህ መልስ አሰጠኸኝ።»

አኒስ ዳቦውን ገፋ አደረገው። ከዚያ ከኋላ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፉትን የሲ ሸድሊን ወረቀቶች አወጣ።

«እሁድ አሮጌውን ሳልዘጋው ሄድኩ። ረሳሁት፣ በቃ። በሩን አሮጌው ይዞታል፤ አዲሱ መግባት ሲያቅተው ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። የገባኝ ረቡዕ ነው። ያኔ ደግሞ ሁሉም አጨብጭቦልኝ ነበር።»

«ሲ ሸድሊስ?»

«ፊርማዬን ልሰርዝ ነው አለኝ። ላይ ወጥተን እናውራ አልኩት። እሱ ግን አላወራም… ያነብልኝ ነበር። ያንኑ ቁጥር፣ እየደጋገመ። ዝም በል አልኩት። ዝም አላለም።»

ሲ ሙንጂ ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ከአርባ። ምናልባት አዲሱም ደህና ሊሆን ይችላል ሊል አፉን ከፈተ።

«ሲሪን» አለች መብሩካ ቀድማው፣ «ከበሩ ኋላ ያለውን አስወጪና አዲሱን ጠይቂው።»

ሲሪን ተቀመጠች። አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባትን ገደለችው፤ ዛሬ አባባል የሚመርጥ አልነበረም። ጥያቄዎቹ መስመር በመስመር ወጡ፤ ከጎናቸው ያሉት ቁጥሮችም አሁን የተለያዩ ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሠላሳ፤ ሁሉም ትክክል። ሙንጂ መተንፈስ ጀመረ።

ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ቆመ። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን። ትክክለኛው መልስ አራት ጠብታ፤ አዲሱ የመለሰው አርባ።

ሲ ሙንጂ ስልኩን አንስቶ ለስምንቱም ሆስፒታሎች በየተራ ደወለ፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀጠነ ሄደ። ፖሊሶች አኒስን በደረጃው ሲያወርዱት ሲሪን ዞር ብላ አላየችውም።

የሰኞውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። መብሩካ ከሟቹ ኪስ ያገኘችውን እስክሪብቶ አቀበለቻት። ልጅቷ ፊርማው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች፣ ስሙ እንዲነበብ አድርጋ፤ ከሥሩም «አላለፈም» ብላ ጻፈች። ሰዓቱንም አልረሳችም፣ ሲ ሸድሊ እንዳስተማራት፤ ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት።