በስለት ጨረታ የገዛሁት ኮዳ

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰዓቱን የማስታውሰው ጓደኛዬ ሰናይት «ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ፣ ለአንቺ ዝገት ስል በረሃብ ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ስለጮኸችብኝ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እዚሁ ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ የመንፈስ ወሬ ሲያመጡ «ማን አየ? ማስረጃው የታለ?» እያልኩ የማሰለች መምህር ነኝ። አሁን ያንኑ ጥያቄ ለራሴ ሳቀርብ መልስ አጣሁ፣ ለዚህ ነው ለእናንተ የማወራችሁ።

የድሮ የወታደር ዕቃ እሰበስባለሁ። ጠመንጃና ጥይት አልነካም፣ እኔ የምወደው ሰው ገላው ላይ ያዋለውን ነው፣ የነሐስ ዘለበት ያለው ቀበቶ፣ ባዶ ዝናር፣ የደረት ሜዳሊያ፣ ክዳኑ ላይ ስም የተጫረበት የምሳ ሳህን። ሐራጅ ወጣ ሲባል ከሰማሁ ሥራ ከሌለኝ እሄዳለሁ። ዓይን አፋር ነኝና ዋጋ ጮክ ብዬ መጥራት አልችልም፣ እጄን ብቻ አነሳለሁ።

የዚያን ቀን የሄድነው ከአሸተን ማርያም በታች ወዳለች አንዲት ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። በንግሥ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ በስለት ያስገባው ዕቃ ለጨረታ ይቀርባል፣ ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ ምንጣፉ፣ በጉ። ሰናይት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ አንድ አስጎብኚ «እዚያ በየዓመቱ የወታደር ኮዳ ይጫረታል» ብሎ ነግሯት ነው ይዛኝ የሄደችው። «በየዓመቱ» የሚለው ቃል ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፣ አንድ ኮዳ እንዴት በየዓመቱ ይሸጣል? ግን ዕቃ ያማረው ሰው መች ያስባል።

የሚያጫርቱት መምሬ ጥላሁን የሚባሉ ቀልደኛ ቄስ ናቸው። «ይቺ በግ እንኳ ሚካኤልን ብላ አቀበቱን በእግሯ ወጥታለች፣ እናንተ ኪሳችሁን ጨብጣችሁ ትቆማላችሁ!» ሲሉ ሕዝቡ ይንከተከታል። ኮዳውን ብድግ ሲያደርጉ ግን ሳቁ ቀዝቀዝ አለ። ካኪ ጨርቅ የለበሰ፣ ክዳኑ በትንሽ ሰንሰለት የተያያዘ፣ ጥግ ጥጉ የተጨረማመተ ኮዳ ነው። እጄን አነሳሁ። ማንም አልጨመረም።

«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ሚካኤል ያክብርልሽ ልጄ። መቼም ትመልሽዋለሽ?» አሉኝ።

ያሸነፈ ሰው ዕቃውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ሲሰጥ ሳይ ነው የዋልኩት፣ አንዱ ጃንጥላ ስንቴ እንደተሸጠ እንጃ። ቢሆንም «አይ፣ እወስደዋለሁ» አልኩ፣ ለራሴም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«ምን አለች?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ልትወስደው ነው!» ብላ ሰናይት ጮኸችላቸው።

ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከግቢው ወይራ ሥር ጎበጥ ያሉ አሮጊት ተነሥተው ወደ እኔ መጡ፣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። መምሬ «እማማ ጥሩዬ፣ እኔ አስረዳታለሁ» ሲሉ፣ «ይተዉት መምሬ፣ እኔም አፍ አለኝ» አሏቸውና እጄን ያዙኝ።

«የልጄ ነው። ሲሳይ ይባላል። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱብኝ። ጦሩ ሲበተን ከጓደኛው ጋር በቆቦ፣ በኩልመስክ አድርገው በእግራቸው ሲመጡ፣ ጓደኛው በውሃ ጥም መራመድ ሲያቅተው፣ ‹እንካ፣ አንተ ጠጥተህ ቅደም፣ እኔ ከኋላህ ነኝ› ብሎ ይኸን ኮዳ ሰጠው። ጓደኛው ደረሰ። ልጄ ከኋላ ነው።»

እመኑኝ፣ «ከኋላ ነበር» አላሉም። ከዚያም ልጃቸው መጥቶ ከኮዳው እስኪጠጣ ድረስ ኮዳው የሚካኤል ደጅ እንዲቆይላቸው መሳላቸውን፣ ገዥውም ሁሉ እየመለሰ እዚህ እንዳደረሰው ነገሩኝ። ፊቴ በእፍረት ነደደ።

«እማማ፣ አላወቅሁም፣ ይመለስልዎት።»

«የለም! ይኸን ሁሉ ዘመን እዚህ ተቀምጦ አልመጣም። ምናልባት ለደከመ ሰው አቀበቱ ከብዶት ይሆናል። ቤትሽ ወዴት ነው?»

«ከተማ ነው፣ ከኩልመስክ የሚመጣው መንገድ ዳር።»

«መንገድ ዳር!» አሉ፣ ዓይናቸው በራ። አንድ ባንድ ጠየቁኝ፣ እኔም ነገርኳቸው፣ የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ጋ ሲደረስ በድንጋዩ ደረጃ መውጣት ነው፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ፣ በሩ ሲከፈት ትንሽ ከፍ ካልተደረገ መሬቱን እየፋቀ ይጮኻል። እሳቸው እያንዳንዱን ደገሙት፣ ሲደግሙት ግን እኔን አልነበረም የሚያዩት፣ ከተራራው ወዲያ ያለውን መንገድ ነበር። «ቦኖው ጋ ስትደርስ በደረጃው ውጣ… አረንጓዴ በር… ከፍ አድርገህ ነው የምትከፍተው፣ ሰማህ ልጄ?»

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ጠዋት ይዘሽልኝ ነይ። መጥቶ እንደሆን ንገሪኝ፣ ካልመጣም ንገሪኝ። ለአሮጊት አዝነሽ ግን እንዳትዋሺኝ።»

አልዋሽም አልኳቸው።

ስንመለስ ሰናይት ቁልቁለቱን ሁሉ ስትስቅብኝ ወረደች። «ሰው ለንግሥ ወጥቶ ባል ያገኛል፣ አንቺ የወታደር ኮዳ አግብተሽ ትመለሻለሽ! ማታ ቢመጣ እራት ምን ልታበይው ነው?» አለችኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ኮዳው ትከሻዬ ላይ ከጠበቅሁት በላይ ይከብድ ነበር። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስከፍተው ውሃ ሞልቶበታል። እርጥበት የቆየበት ብረት በዝገት ይበላል፣ ማንም ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያደርገው ማድረቅ ነው፣ ስለዚህ ሳላስብ ውሃውን ጤና አዳሙ ሥር ደፋሁትና ኮዳውን አፉን ከፍቼ፣ ዘቅዝቄ በረንዳው ላይ ካለች ሚስማር ሰቀልኩት።

አከራዮቼ ለበዓሉ ዘመድ ጋ ስለሄዱ ግቢው ውስጥ የነበርነው እኔና ቡቺ፣ ውሻቸው፣ ብቻ ነበርን። መብራት ጠፍቷል። ገና መምሸቱ ነው፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ በኩራዝ ብርሃን ፈተና እያረምኩ ነበር። ያኔ ታች ቦኖው ጋ ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ፣ ያን ሳምንት ውሃ አልነበረምና ባዶ አየር «ፍፍፍ» ብሎ ቆመ። አንዱ ጎረቤት መጥቷል ወይ ብሎ ሞክሮት ነው አልኩ። ወዲያው በድንጋዩ ደረጃ ላይ እርምጃ ተሰማ፣ አንዱ እግር ጠንከር፣ ሌላው ሸርተት እያለ። በራችን ጋ ሲደርስ እርሳሴን አቁሜ ያን የፍቀት ጩኸት ጠበቅሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሩን የተከሉት አከራዬ እንኳ ሳያስጮኹት ገብተው አያውቁም።

አልጮኸም። ማጠፊያው ብቻ ሲጥ አለና ተዘጋ።

ቡቺ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ፣ እሱም አልጮኸም፣ ጅራቱን መሬት ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ሰማሁት፣ ያን የሚያደርገው ለቤተሰብ ነው። «ማነው?» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣልኝም፣ እንኳን በዚያ ሰዓት በቀንም ድምፄ አይወጣም። ከዚያ የኮዳው ሰንሰለት ቅጭል አለ። ነፋስ ነው አልኩ። ኮዳው ሲወዛወዝ፣ ከዚያ ዝም ሲል፣ ከዚያ እንደገና ሲወዛወዝ ሰማሁ፣ ሰው ጠብታ ቀርቶበት እንደሆነ ሲያረጋግጥ እንደሚያደርገው። ቀጥሎ ደረቅ ጉሮሮ ምራቁን ሊውጥ ሲታገል ሰማሁ። ያንን ነፋስ ልለው አልቻልኩም።

ጤና አዳሙ ሥር የደፋሁት ውሃ ትዝ አለኝ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ከጀሪካኑ አንድ ኩባያ ውሃ ቀዳሁ፣ የክፍሌን በር ክንዴ እስኪያልፍ ብቻ ገርበብ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በረንዳው ወለል ላይ አስቀመጥኩትና ዘጋሁ። የኅዳር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በዚያ ምሽት እጄን የነካው አየር ሞቃት ነበር፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አቧራ ይሸት ነበር። ጥቂት ቆይቶ የመጠጣት ድምፅ መጣ፣ ረጅም፣ ትንፋሽ የማይወስድ። ኩባያው ሲቀመጥ ቃ አለ።

በሩን ተደግፌ መሄዱን መጠባበቅ ጀመርኩ። የጎረቤት ሬዲዮ ተዘጋ፣ ኩራዙ ጋዝ ጨረሰ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪደወል ድረስ አንድም ጊዜ አልተኛሁም። እርምጃ የለም፣ ማጠፊያውም ሲጥ አላለም።

ሲነጋ ወጣሁ። ኩባያው እኔ ካስቀመጥኩበት አልነበረም፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ባዶውን በአፉ ተደፍቷል። ውሻ ጠጥቶት ነው ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብዬው ነበር፣ ግን ውሻ ጠጥቶ ኩባያውን መስኮት ላይ በአፉ ደፍቶ አያስቀምጥም። ቡቺም እንደወትሮው በሩ ጋ አልተኛም፣ በረንዳው ላይ ካለው መደብ ሥር ተጋድሞ አገጩን መሬት አስነክቶ ባዶውን መደብ ሽቅብ ያያል። ስጠራው አልመጣም።

ኮዳውን ይዤ አቀበቱን ወጣሁ። እማማ ጥሩዬ ያው ወይራ ሥር ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው ላይ ጤዛ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልጠበቁም።

«መጣ?»

«አላየሁም እማማ። ሰማሁ እንጂ አላየሁም» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ቡቺ። የኮዳውን ውሃ መድፋቴን ስናገር እንባዬ መጣ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ከኮዳው አይደለም የጠጣው፣ ከእኔ ኩባያ ነው።»

በዋዜማው እሳቸው ራሳቸው የሞሉት ውሃ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ሳሙ።

«ከኮዳ መጠጣትማ የመንገደኛ ነው፣ የኔ አበባ። ከኩባያ ከጠጣ ቤት ገብቷል ማለት አይደል? እና ወዴት ሄደ? ወደዚህ ነው ወይስ ተመልሶ ወደ መንገዱ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ወደ እርስዎ ነው የመጣው ብላቸው ምን ነበረበት? ግን ቃል ገብቻለሁ።

«ሲሄድ አልሰማሁም እማማ።»

 ከዚያ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ፈካ።

«እንግዲያማ አልሄደም። ስንት አገር በእግሩ የመጣ ልጅ ነው፣ ይረፍ፣ አትቀስቅሺው። እኔ ስንቅ ቢጤ ይዤ ከሰዓት እወርዳለሁ።» ኮዳውን ስሰጣቸው በእጃቸው መለሱት። «ምን ያደርግልኛል? አንቺ ዘንድ ይሁን፣ የራሱ ነው።»

ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ። ቦኖው ውሃ መጥቶለት ሴቶቹ በጀሪካን ተሰልፈዋል፣ እኔም ከኋላቸው ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ኮዳውን ሞላሁ፣ «መምህርት፣ ልትዘምቺ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ደረጃውን ወጥቼ አረንጓዴው በር ፊት ቆምኩ። ከውስጥ ቡቺ ጅራቱን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ይሰማል፣ እኔን ሰምቶ ይሁን ሌላ እንጃ። ቁልፉ በእጄ ነበር፣ የራሴ ቤት ነው፣ ቢሆንም እጄን አነሣሁና አንኳኳሁ።