የመጨረሻዋ ቁራሽ

የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ሜርል ኦስትቪግ ከወደቀ መሰላል አጠገብ ሞቶ ሲገኝ ቀኝ እጁ በኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበረ። ከመሰላል የሚወድቅ ሰው የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል እንጂ ኪሱን አይፈትሽም። ይህን የሚያስተውል ዓይን በመላው ሚኒሶታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመርማሪ ማርቫ ቶርሰን ዓይን። በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራዋ ያልፈታችው ምስጢር ቢኖር የገዛ ጉልበቷ ሕመም ነው። ሌባ ስሟን ሲሰማ የሰረቀውን ቀርቶ ያልሰረቀውንም ይመልሳል ይባላል፤ «ይባላል» ያልኩት ለትሕትና ነው እንጂ እኔው ነኝ የምለው።

ማርቫ በእርጥቡ ሣር ላይ እያቃሰተች ተንበረከከች። የመሰላሉ እግሮች ጭቃውን ወደ ውጭ አርሰውታል። መሰላል በራሱ ሲንሸራተት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ የጎተተው እጅ አለ። የሟቹን ጣቶች አላቅቃ የተጨማደደ ፖስታ አወጣች፤ አነበበችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን ተመለከተች። በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የተደረደረው ሶላር ያበራል፤ ከጨረቃ የሚታይ ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ኃላፊ አርሊስ ናት።

«ሦስት ሰዓት ላይ ሜርል ሲገባ ወጣሁ» አለች፣ አዲስ የተሠራ ፀጉሯን በእጇ እየደገፈች። «ፀጉር ቤት ነበርኩ። አራት ሰዓት ተኩል ስመለስ...»

«ፀጉር ቤት መሆንሽን ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ድምፅሽ እንደሁ ደወል አያሻውም። ወጥ ቤት ውስጥ ምን ትተሽ ሄድሽ?»

«ቡና። ትሪው ላይ ደግሞ አንዲት ቁራሽ የአጃ ኬክ። ሙሉ ቁራሽ።»

ማርቫ ወጥ ቤቱ ገብታ ትሪውን ጎተተች። የቀረችው ግማሽ ነበረች፤ በቢላዋ፣ በማስመሪያ የተለካች ይመስል ተስተካክላ የተቆረጠች።

«ሜርል ቀምሷት ይሆን?»

«ሜርል? ስኳር በሽታ ይዞት ዐሥራ አንድ ዓመቱ! ኬክ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር።»

ማርቫ ከአርሊስ ጓዳ ሌላ ኬክ አስመጣችና አንድ አንድ ቁራሽ ብቻ ሳህን ላይ እያስቀመጠች የሶላሩ ጉዳይ የሚያገባቸውን ሦስት ሰዎች በየተራ ጠራች።

መጀመሪያ የገባው ፓስተር ራስክ ነው፤ በደቡብ በኩል ካለው ከጆርጂያ ግዛት የመጣ ለስላሳ ሰው።

«ጉዳዩ እንዲህ ነው» አለ። «ቤተ ክርስቲያን ግብር አይከፍልም። ግብር የማይከፍል ደግሞ የግብር ቅናሽ ምን ያደርግለታል? አሁን ግን ሶላር ለሚተክል መንግሥት የቅናሹን ልክ በገንዘብ ይሰጣል። እኛ ከባንክ ተበድረን ተከልን፤ የመንግሥቱ ገንዘብ ሲመጣ ለባንኩ ልንከፍል።»

«እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

«አስቀድሞ ግብር መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ተመዝግቦ ቁጥር ይወሰዳል። ከዚያ ቁጥሩ በዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ላይ ይሞላል፤ ገንዘብ ያዡ ይፈርማል። የሐሰት ፊርማ ወህኒ ያስገባል። ፈራሚው ሜርል ነበር፤ ቀነ ገደቡ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ነው፤ የዘንድሮው ነገ ያልቃል።» እየተናገረ ቁራሿን አንስቶ ዋጣት። ከዚያ ደነገጠ። «ይቅርታ፤ ደግሞ በላኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀውብኛል። እዚህ አገር የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚበላ ሰው የለም፤ ከፍሎ ግማሹን ይተዋል፤ የሚቀጥለው ደግሞ የግማሹን ግማሽ። አንድ ጊዜ ምስር ያከለች ኬክ አይቻለሁ!»

ሁለተኛው ሶላሩን የተከለው ዌድ ኬስለር ነው፤ የአሪዞና ሰው፣ አፉ እንደ ሞተር የሚሠራ።

«ሥራዬን በታኅሣሥ ጨርሻለሁ፣ እመቤቴ! ፎቶው ይመስክር። ከታኅሣሥ ሃያ አምስቱ ገና በኋላ በአራተኛው ቀን፣ አዲሱ ዓመት በጥር ሳይገባ ነው ያነሳሁት፤ ሶላሩ እየሠራ!» አለና ቁራሿን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ጣቱን ላሰ።

ፎቶው ከሜርል መዝገብ ውስጥ ነበረ። ሜርል በደጁ ያለውን መስቀል በእርሳስ ከቦታል።

«አርሊስ!» ጮኸች ማርቫ። «ገና ላይ መስቀሉን ምን ታለብሺዋለሽ?»

«ነጭ ነዋ! ሐምራዊማ የጾም ነው፤ የካቲት ሲጋመስ ነው የማለብሰው።»

በፎቶው ላይ መስቀሉ ሐምራዊ ለብሷል። ዌድ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የውሉ ቀን ካለፈ ቅጣት ነበረብኝ» አለ። «ዋሽቻለሁ። ሰው ግን አልነካሁም።»

«መዋሸትህንስ አወቅን» አለች ማርቫ፣ ዓይኗን እያሻሸች።

ሦስተኛው የጉባኤው ሊቀ መንበር ኖሪስ ብሩን ነው። ከሜርል ጋር ሃምሳ ዓመት ጎን ለጎን ዘምረዋል። ለባንኩ ብድር የአባቱን እርሻ ያስያዘውም እሱ ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ፣ ኖሪስ?»

«እርሻ ላይ፣ ብቻዬን። አንቺ ደግሞ፣ ማርቫ፤ ደክሞሻል፤ ግቢና ተኚ።»

«ሳልደክም አይተኸኝ ታውቃለህ? ብላ እስቲ።»

ኖሪስ ሳህኑን አየ። ቢላዋ አነሳ። ቁራሿን መሐል ለመሐል ከፍሎ ግማሿን በላ፤ ግማሿን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

ማርቫ ሳህኑን አንስታ ወደ ጎን አኖረችው። የምታውቀውን ሰው መያዝ የማታውቀውን ከመያዝ ሺህ ጊዜ ያደክማል።

ከቀትር በኋላ አራቱንም ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፎቶው ሐሰት ነው» ብላ ጀመረች። «ሶላሩ ሥራ የጀመረው በየካቲት፣ ዓመቱ በጥር ከተለወጠ በኋላ፣ ማለትም ዘንድሮ ነው። ገንዘቡ የሚጠየቀው ደግሞ ሥራ ለጀመረበት ዓመት ነው። ስለዚህ ሜርል ነገ መፈረም አይችልም ነበር። ይህን ዛሬ ጠዋት እዚህ ቡና ላይ ለአንድ ሰው ነገረው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ የመዘገበውን ቀን ሊያሳየው መሰላል ወጣ።»

«ያ ሰው እሱ ነዋ!» አለች አርሊስ ወደ ዌድ እየጠቆመች። «ዋሾ!»

«ዌድ ቢሆን ትሪሽን ባዶ ታገኚው ነበር። ፓስተሩም እንደዚያው። ሜርል ጣፋጭ አይነካም፤ አንቺ ፀጉር ቤት ነበርሽ። አንድ ሰው ግን ልቡ እየነደደ እንኳ ቁራሿን ከፍሎ ግማሿን ለሚቀጥለው ሰው ተወ።»

ማንም ወደ ኖሪስ አልዞረም፤ የዚህ አገር ሰው እንዲያ ነው። ኖሪስ ራሱ ተናገረ።

«ውረድ አልኩት፤ አልወርድ አለኝ። ‹ቀኑን እይ፣ ኖሪስ› ይለኛል። እኔ የማየው የአባቴን መሬት ነው! በመስከረም ባንኩ ሊወስደው ነው። ‹ዝም ብለህ ብትፈርም ምን አለ!› ብዬ መሰላሉን ጎተትኩት። ላወርደው ነው... ላወርደው ብቻ።»

«ገንዘቡ የቀረ መስሎህ ነበር?»

«ቀርቷላ!»

«አልቀረም። ለዘንድሮው ዓመት እንደገና ተመዝግቦ በሚመጣው ዓመት ግንቦት ይጠየቃል። የአንድ ዓመት መቆየት ነው።»

«ባንኩ አንድ ዓመት ይጠብቀኛል?»

ማርቫ ፖስታውን አወጣች። ወረቀቱን እንደ ደህና ልብስ በመዳፏ አስተካክላ ፊቱ ዘረጋችለት። የባንኩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው፤ ሜርል ለምኖ ያስጻፈው። ባንኩ እስከ መጪው ዓመት መስከረም ድረስ መሬቱን ላለመንካት ተስማምቷል።

ኖሪስ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምነው ይህን አስቀድሞ ቢያሳየኝ?»

«ሊያሳይህ ነበር» አለች ማርቫ። «ስትጎትተው አንድ እጁን ከመሰላሉ አንስቶ ይህን ከኪሱ እያወጣ ነበር።»