ግድግዳ ወይስ ኮርኒስ

«ጫፉን አጥብቀሽ ያዥው፤ እንዳይረግብ!» አለች እናቷ።

አርሴማ ወንበር ላይ ቆማ የሲባጎውን ጫፍ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ለጠፈችው። እናቷ ማንጠግቦሽ ሌላውን ጫፍ እየሳበች ወደ መስኮቱ ሄደች። አጎቷ እንዳላማው ሊገዛላቸው ያሰበውን የትልቁን ቴሌቪዥን ስፋት በስልክ ነግሯቸው ስለነበር፣ ሲባጎው እዚያው ልክ ላይ ተቋጥሯል። ቋጠሮው መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ሲያበቃ የማንጠግቦሽ ፊት በራ።

«ይበቃዋል! እንዲያውም ይተርፈዋል። ወንድምሽ ምናለ እዚህ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ ደግሞ ምንጣፉ ላይ። ቤቱ እንደ ድሮው በጩኸት ይሞላል፤ ታያለሽ።»

አርሴማ ከወንበሩ ወረደች። ሲባጎውን ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር።

ምናለ ታላቅ ወንድሟ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያ ዓመቱን እንደጨረሰ፣ ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሌሎቹ ጭቃቸውን እያራገፉ ተነሡ። ምናለ ግን አልተነሣም። አዲስ አበባ ሆስፒታል ወራት ከርሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ በጀርባው ተኝቶ ነበር የመጣው፤ ዛሬም እንደተኛ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ጓደኞቹ ከቤቱ አልጠፉም። ቀስ በቀስ ግን መምጣታቸው ለበዓል ለበዓል ብቻ ሆነ። አሁን ደግሞ መንገድ ላይ አርሴማን ሲያገኟት «ምናለ እንዴት ነው?» ብለው እግራቸውን ሳያቆሙ የሚያልፉ ሆነዋል።

በቴሌቪዥኑ ፈንታ ፕሮጀክተር ይሁን የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው አርሴማ ናት። ትምህርት ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ አንድ ልጅ ገመድ ጠልፎት ሲወድቅ ፕሮጀክተሩ ወደ ኋላ ጋደል አለና ሥዕሉ በሙሉ ጣሪያው ላይ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ሲናወጥ አርሴማ ብቻ አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ ፈዝዛ ቀረች። የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ለአጎቷ ደወለች። እንዳላማው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ለእህቱ ልጅ አንድ ነገር ገዝቶ ሊያመጣለት ከወሰነ ቆይቷል።

«ሁለቱንም ጠየቅሁልሽ» አላት በማግስቱ ከአዲስ አበባ። «ቲቪው በጠራራ ፀሐይም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ድምፁም ግሩም ነው። ፕሮጀክተሩ ጨለማ ይፈልጋል፤ ድምፁ ደከም ያለ ነው፤ አምፖሉም አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም አሉኝ። ጥሩነቱ ወደፈለግሽበት ታዞሪዋለሽ። እኔ አቅሜ ለአንዱ ነው። ከእናትሽ ጋር ተመካከሩና ነገ ከሰዓት ስደውል ንገሪኝ፤ ጭነቴን ይዤ ልወጣ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ትልቁ ቲቪ እሷንም አምሯታል። የክፍሏን ልጆች ጠርታ ሳሎናቸው ውስጥ ፊልም ስታሳያቸው በሐሳቧ አይታዋለች። የሆነ ሆኖ ፕሮጀክተሩን ለእናቷ አንሥታላት ነበር። ማንጠግቦሽ የመለሰችላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኮርኒስ ላይ? ልጄ ዕድሜ ልኩን ኮርኒስ ሲያይ ሊኖር ነው?» ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን አርሴማ ሰምታ አታውቅም። ሁለተኛ አላነሣችባትም።

«ነይ፣ ከሶፋው እንዴት እንደሚታየው እንሞክር» አለች እናቷ ሲባጎውን እየጠቀለለች።

ምናለን ከነብርድ ልብሱ አንሥተው ወደ ሳሎን አመጡት። «ቀስ! እንቁላል ነኝ እኮ» ብሎ አሳቃቸው። ማንጠግቦሽ በግራም በቀኝም ትራስ እየወተፈች ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሲሄድ እንዳየችው ሁሉ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ተመለከተችው።

«ከዚያ ይታይሃል?»

«አሪፍ ነው፣ እማ። ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም። አርሴማ የወንድሟን ከንፈር አየችው፤ ደሙ እየሸሸ ነጭ ሆኗል። ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ወረደ። ከዚያ ዓይኑ ከዳውና ጭንቅላቱ ወደ ትራሱ ዘንበል አለ።

«እማ፣ እናስተኛው! ራሱን እየሳተ ነው!»

«ይለምደዋል፣ ይለምደዋል» እያለች ማንጠግቦሽ እግሩን አነሣች። «ሐኪሙ ቀስ በቀስ ብሏል።»

ሐኪሙ እንዲህ አላለም። አርሴማ ያን ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። ሐኪሙ ያላቸው፣ ምናለ ከእንግዲህ እንደማይራመድ፣ ቀና ብሎ መቀመጡም እንደማይሆንለት ነው። ከዚያ እናቷ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ፣ «ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ተስፋው ከተቆረጠ ይሞትብኛል» አለቻት። አርሴማም እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለችም።

አልጋው ላይ ሲመልሱት ነፍሱ መለስ አለች። ማንጠግቦሽ ላቡን የምታብስበት ውኃ ልታሞቅ ወደ ማድ ቤት ሄደች። አርሴማ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ የቱን ትፈልጋለህ?»

«እማ የቱን አለች?»

«ቲቪ።»

«በቃ፣ ቲቪ ነዋ።»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ምናለ ወደ ላይ ተመለከተ። ከራሱ በላይ ለኮርኒስ የተወጠረው ነጭ አቡጀዲ ጥጉ ላይ የክረምት ዝናብ አዥጎርጉሮታል። ዓይኑ ከዚያ ላይ አልተነሣም።

«ጣሪያ ላይ ይሠራል ብለሽ ለእማ የነገርሻት የምርሽን ነው? አትፎግሪኝ።»

«የምሬን ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማንም ሳይሸከመኝ ኳስ ማየት እችላለሁ?»

«እንደተኛህ።»

ፊቱ ላይ ፈገግታ ብልጭ አለና ወዲያው ጠፋ። «ተዪው ይቅር» አለ። «እሱ ከመጣ እማ ታውቃለች።»

«ምኑን?»

«እንደማልነሣ።»

አርሴማ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሐኪሞቹ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ራስጌዬ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ነበር። የማይገባኝ መስሏቸው ነው። አንድም ቃል አላመለጠኝም።» እጇን ፈልጎ ያዘ። «ለእማ እንዳትነግሪያት፣ እሺ? ቅድም ሶፋው ላይ ስታየኝ ፊቷ እንዴት እንደሆነ አላየሽም? እሷ ደስ ይበላት እንጂ እኔ ራሴን ብስትም ግድ የለኝም።»

አርሴማ እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ወደ ግቢ ወጣች። አጥሩን ተደግፋ፣ ማንም እንዳይሰማት የሻርፗን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ብሎ ይደብቃል። ብትናገር የሁለቱንም አደራ መብላቷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ምናለ ኳስ ባለ ቁጥር ተሸክመውት ሳሎን ይወጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ «አሪፍ ነው፣ እማ» ይላል።

ከማድ ቤት ስልክ ጮኸ።

«አንሺው፣ አርሴማ! እንዳላማው ነው። ቦታው ይበቃዋል በዪው!»

አርሴማ ገብታ ስልኩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሣችው፤ ግን ጥሪውን አልተቀበለችም። ጮኾ ጮኾ መዳፏ ውስጥ ዝም አለ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«እማ… ምናለ ያውቃል።»

ማንጠግቦሽ ምኑን ብላ አልጠየቀችም። የውኃውን ሙቀት ልትለካ የነከረችው እጇ እዚያው ሳፋው ውስጥ ቀረ።

«ነገርሽው?» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«አልነገርሁትም፣ እማ ሙች። ከሆስፒታል ጀምሮ ያውቃል። አንቺ እንዳታዝኚ ብሎ ነው የደበቀሽ። ሶፋው ላይም የሚቀመጠው ለአንቺ ብሎ ነው።»

እናቷ የምትጮህባት መስሏት ነበር። ማንጠግቦሽ ግን ቀስ ብላ ዱካው ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አርሴማ ልታነሣው ስትል እናቷ እጇን በቀሚሷ አብሳ ዘረጋችላት።

«አቤት፣ እንዳላማው… ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን… ቦታው? ቦታውስ ይበቃዋል።»

እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች የማድ ቤቱን ጥቁር ግድግዳ ታያለች። ከወዲያ በኩል እንዳላማው «ሄሎ? ሄሎ?» ሲል ይሰማል።

«አለሁ» አለች ማንጠግቦሽ። «ልጄ ተኝቶ የሚያየውን አምጣለት።» እንዳላማው የሆነ ነገር ጠየቃት። «አዎ፣ እሱን። ለጣሪያ የሚሆነውን።»

ስልኩን ለአርሴማ መለሰችላት። ከዚያ ሳፋዋን አንሥታ፣ ወደ ምናለ ክፍል ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

አርሴማ ሳሎኑ ውስጥ ቆመች። መጀመሪያ ውኃ ሲንጠባጠብ ሰማች። ቀጥሎ የእናቷን ድምፅ፤ «ልጄ» ብላ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወንድሟ ሲያለቅስ ሰማችው። ባጃጁ ከተገለበጠ ወዲህ ሲያለቅስ ሰምታው አታውቅም። እናትና ልጅ ለቅሷቸው ተቀላቀለ፤ የማን የማን እንደሆነ መለየት አቃታት።

ልትገባ አሰበችና ተወችው። ምንጣፉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ምናለ አትንገሪያት ብሏት ነበር። ምስጢሩን አንድ ሰዓት እንኳ አልጠበቀችለትም።

ለቅሶው እየረገበ ሄደ። እናቷ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ስትናገር፣ ምናለም ሲመልስላት ይሰማታል፤ የሚባባሉት ግን አይለይም።

«አርሴማ!» ሲል ተጣራ ምናለ።

የቁጣ ጥሪ ይሁን የሌላ፣ ከድምፁ መረዳት አልቻለችም። ተነሣችና ገባች።