በሰው ስም የገባች ግብ

ቡድኑ ጁባ ውስጥ ጉዴሌ ሰፈር ወዳለው ሆቴል እየዘፈነ ነበር የደረሰው። የኢትዮጵያ ወጣት ብሔራዊ ቡድን ከሜዳው ውጭ ካሸነፈ ስንት ዓመት እንደሆነው በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ፎቅ ላይ፣ ክፍል ቁጥር ዘጠኝ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ የበረንዳው የሲሚንቶ ደፍ ላይ አርፎ በጀርባው ተዘርሯል።

ሟቹ ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ የቡድኑ መዝገብ ያዥ። ማን እንደተሰለፈ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ቢጫ እንዳየ ሜዳ ላይ በወረቀት እየያዙ፣ ማታ ከክፍላቸው በማይወጣ አንድ ወፍራም ደብተር ሲገለብጡ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አሰልጣኙ ሐጎስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወጣ ሬሳው አጠገብ የቆመው ልጅ ከሬሳው የበለጠ አስደነገጠው። የቆመው ብስራት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስራት ሁለት ቢጫ ስላየ ከዚያ ዕለት የቅዳሜ ጨዋታ ታግዷል። በወረቀት ላይ ከሰዓቱን ያሳለፈው ሆቴል ነው። ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ግን የአሥራ አንድ ቁጥሩን ሠርፀን መልበሻ ክፍል ውስጥ ወባ አንቀጥቅጦ ጣለው። ሻንጣ ለመሸከም አብሮ የመጣው ብስራት አጠገቡ ቆሟል። የሁለቱ ቁመት እኩል ነው፤ መልካቸውም ለባዕድ ዓይን ይመሳሰላል። ሐጎስ ማሊያውን ካንዱ አውልቆ ለሌላው አለበሰው። ጋሽ ገብረየስ «እኔ የውሸት ጨዋታ አልመዘግብም» አሉና በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ ሆቴል ተመለሱ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጥለውት የሄዱት የመጀመሪያው ጨዋታ መሆኑ ነው። ብስራት በስድሳ ሰባተኛው ደቂቃ በግራ እግሩ አገባ። የጨዋታው ወረቀት ላይ ግን «ሠርፀ» ተብሎ ተጻፈ። ኢትዮጵያ አንድ፣ ደቡብ ሱዳን ባዶ።

ሲያልቅ ሐጎስ ማሊያውን ለሠርፀ መልሶ አለበሰውና ሰው ሳያየው ብስራትን ቀድሞ ወደ ሆቴል ሰደደው። ልጁ ሬሳውን ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የፖሊስ ካፒቴን ጋትዌች ጎማው በጭቃ የተለወሰ ፒክአፑን አቁሞ ገባ። ጋምቤላ አድጎ አዲስ አበባ የተማረ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ ጁባ ገብቶ ፖሊስ የሆነ ቀጭን ሰው ነው፤ አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል። የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስቦ በላስቲክ አሰረ፤ ሬሳው አጠገብ የተገኘውን ብስራትን ደግሞ ወደ ጣቢያ አስወሰደው።

«ኸላስ፣ በቃ። ከዚህ ግቢ ማንም አይወጣም።»

ቢወጣስ ወዴት ነው? ዝናቡ መንገዱን ውጦታል። አጥሩ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ክፍሎቹ እንደ ምድጃ ይግላሉ። ሃያ ወጣት ሌሊቱን በየኮሪደሩ እየተንጎራደደ አነጋው፤ ሐጎስም እንቅልፍ አልወሰደውም።

እሁድ ጠዋት ካፒቴኑ ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠራ። በጨዋታው ሰዓት ሆቴሉ ባዶ ነበር፤ ዘበኛው ሳይቀር ስታዲየም ሄዷል። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ማንያህልሻል ኮኞ ኮኞ ገበያ ነበርኩ አለች፤ ያያት ሰው ግን የለም። የቡድኑ ነርስ ነጃት ከመልበሻ ክፍል አልወጣሁም ብላ ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። የቡድን መሪው አቶ በቀለ በትንሿ መኪና ለብቻቸው ሄደው ጨዋታውን ከክብር መቀመጫ እንዳዩ ተናገሩ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ካምፓላ ላይ ባገቧት አንዲት ግብ የሚታወቁ ናቸው። «የካምፓላው በቀለ» ሲባሉ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ ሹመቱም ግብዣውም የመጣላቸው በዚያችው ግብ ነው።

የሐጎስ ተራ ደረሰ።

«ብስራት ጨዋታው ሲካሄድ የት ነበር?»

ሐጎስ የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ ማጠፍ ጀመረ። «ሆቴል።»

«ማን አየው?»

«ታግዷል እኮ። ሌላ የት ይሄዳል?»

ካፒቴኑ የታጠፈውን ጨርቅ ትክ ብሎ አየ። «አቶ በቀለም እንደዚሁ ነው ያሉት። እንዲያውም ጨመሩልኝ። ሟቹ ቢጫውን ቆጥረው ስላሳገዱት ቂም ይዟል፣ ልጁን አጥብቀህ መርምረው አሉኝ።»

ሐጎስ ደሙ ፈላ። ቅዳሜ በቀለ ስታዲየሙ በር ላይ ሠርፀን አቅፈው «ምን ዓይነት ግብ ነው ያገባኸው!» እያሉ ግንባሩን ሲስሙት፣ ሠርፀ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ፣ ሐጎስ ሰውዬው ምስጢሩ ገብቷቸው ለቡድኑ ሲሉ የሚያስመስሉ መስሎት በልቡ አመስግኗቸው ነበር። ማስመሰሉስ ይሁን፣ ልጁን ገደል መክተት ግን ምን የሚሉት ነው?

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ሄዶ ብስራትን እንዲያየው ተፈቀደለት። ልጁ ብረቱን ይዞ ቆሟል። ዕድሜው አሥራ ስምንት ነው።

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ። ጋሼ፣ እንዳይናገሩ።»

«ብስራት...»

«ሆቴል ተኝቼ ነበር ብያቸዋለሁ። የጨዋታው ኮሚሽነር ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ውጤቱን ፈርሞ ይሄዳል አይደል? ከዚያ ማን ይነካናል? አንድ ቀን ነው።»

አንድ ቀን አልነበረም። በዚያው ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ ወደ ማዕከላዊው ወህኒ ቤት እንደሚዛወር፣ እዚያ የገባ ክስ ደግሞ ዓመትም ሁለት ዓመትም እንደሚቆይ ካፒቴኑ ለሐጎስ ነግሮታል። ከተናገረ የታገደ ተጫዋች አሰልፏልና ድሉ ይሰረዛል፤ ሦስት ለባዶ ተሸናፊ ይሆናሉ፣ ከአህጉሩ ውድድርም ይወጣሉ። ዝም ካለ ቡድኑ ያልፋል፣ ልጁ ይቀራል። ሐጎስ ወደ ሆቴሉ ሲመለስ የብረት በሩ ከኋላው ተዘጋ። የታሰረው እሱ ራሱ እንደሆነ ተሰማው፤ ቁልፉም በገዛ አፉ ውስጥ ነበር።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ተጫዋቾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከሦስተኛ አገር የመጣው የጨዋታው ኮሚሽነር ሚስተር ረፊቅ፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ሸሚዙን በቀን ሦስቴ የሚያስተኩስ ሰው፣ ሪፖርቱን ከፊቱ አድርጎ አማርኛው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

«ከደብተሩ እንጀምር» አለ ካፒቴኑ። «አንድ ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የካምፓላው ጨዋታ ገጽ። ገዳዩ የፈለገው ገጹን እንጂ ሰውዬውን አልነበረም። ክፍሉ ባዶ መስሎት ነው የገባው። ለምን? ጋሽ ገብረየስ ጨዋታ ትተው እንደማይሄዱ ሁሉም ያውቃላ። ቅዳሜ ግን ትተው ሄደዋል። ይህን ማን ያውቃል? መልበሻ ክፍል የነበረ ሁሉ። አሰልጣኙ፣ ነርሷ፣ ልጆቹ ሁሉ ሰውዬው ሲወጡ አይተዋል። ሰውዬው የሚመለሱበትን ክፍል ባዶ ነው ብሎ የሚገባ ከነሱ ውስጥ የለም።»

«እኔስ?» አለች ወይዘሮ ማንያህልሻል። «እኔ መልበሻ ክፍል አልነበርኩ።»

«እርስዎ የክፍሉ ቁልፍ አለዎት። እሳቸው በየቀኑ ልምምድ ሲሄዱ ገጹን ቆርጠው ሻይዎን መጠጣት ይችሉ ነበር። ቅዳሜን ለምን ይጠብቃሉ? ቅዳሜን የጠበቀው ሆቴሉ ባዶ ሲሆን ቁልፉን ከመቀበያው ማንሣት የፈለገ ሰው ነው። ይልቅ ዓርብ ቁርስ ላይ የሰሙትን ይንገሩን።»

ወይዘሮ ማንያህልሻል አቶ በቀለን ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ጋሽ ገብረየስ መዝገቡን መጽሐፍ አድርጌ ላሳትመው ነው አሉ። አቶ በቀለ ‹ሁሉንም ገጽ?› ብለው ጠየቁ። ‹እንዳለ› አሉ እሳቸው።»

አቶ በቀለ ሳቁ። «በዚህ ነው ሰው የምትከስ? እኔ ስታዲየም ነበርኩ።»

«ወደዚያው እየመጣሁ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ጥበቃ ላይ፣ ከጎሉ ጀርባ። ግቧን ያገባውን ልጅ ከዚህ እስከዚያ በር በሚሆን ርቀት አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ማቆያ ክፍል ውስጥ ለብስራት የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ወረወርኩለት። በእጁ አልቀለበውም፤ በግራ እግሩ አቆመው። ቅልጥሙ ላይ ደሙ ገና ያልደረቀ የታኬታ ቁስል ነበር።»

ሐጎስ አሁን ገባው። ሰውዬው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያውቅ ነበር።

«ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ብስራት የት ነበር? አሰልጣኙ ጨርቅ እያጠፈ ዋሸኝ። ነርሷ ሻይ ደፍታ ዋሸችኝ። ሠርፀ አለቀሰ። የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቃል። አንድ ሰው ብቻ ሳይዋሽ መለሰልኝ። ‹ሆቴል ነዋ፣ ታግዷል› አሉኝ፤ ከዚያም ቂመኛ ነው አሉልኝ። አቶ በቀለ፣ እርስዎ ሜዳ ላይ በዓይንዎ ያዩትን ልጅ ሆቴል ሰው ገደለ ብለው የሚከሱ ሰው አይደሉም። ተጫዋቾቹን እንደ ቤተሰብዎ ያውቃሉ። ከክብር መቀመጫ ሆነው ሠርፀና ብስራትን አይለዩም? አላዩም፤ ስላልነበሩ ነው። የደረሱት ሕዝቡ ሲወጣ ነው፤ በሩ ላይ ሠርፀ አገባ ሲባል ሰሙ፣ ሠርፀን ሳሙ።»

«ወረቀቱ ሠርፀ ነው የሚለው!»

«እኮ። እርስዎ የሚሉት ወረቀቱ የሚለውን ነው።»

ካፒቴኑ ደብተሩን ከኋላ ገለጠው። «ጋሽ ገብረየስ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ከመጨረሻ ገጾቹ ላይ የሁሉንም ተጫዋች ስም በተራ ጽፈው ደምረውታል። ገጹን የቆረጡት ይህን አላዩትም። ‹በቀለ፦ አራት ጨዋታ፣ ግብ ዜሮ።›»

አቶ በቀለ ወደ ካፒቴኑ ሳይሆን ወደ ሐጎስ ዞሩ። ሰውዬው ብልጥ ነበሩ።

«ሐጎስ፣ ንገረው እንጂ። ብስራት ተጫውቷል? እዚህ ያለ ሰው ብስራት ሲጫወት አይቷል?»

ካፒቴኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የተሸነፈው አገር ሰው ነኝ። ተጫውቷል ብዬ ብፈርም ለአገሬ ነጥብ ፈልጎ ነው ይባላል፤ ዳኛም አይሰማኝም። ከእናንተ አንድ ሰው ካልተናገረ ያልኩት ሁሉ ወሬ ነው። ልጁም ይሄዳል።»

ሐጎስ የሃያ ልጆች ዓይን ማጅራቱ ላይ ተሰማው። አሥራ አምስት ዓመት አሰልጥኖ አንድም ጊዜ ለአህጉሩ ውድድር አልፎ አያውቅም፤ እነዚህም ልጆች ዕድሜያቸው ስለሚያልፍ ለወጣቶች ውድድር ሁለተኛ ዕድል የላቸውም። ሚስተር ረፊቅ እስክሪብቶውን ከፈተ። ሐጎስ ተነሣና በተሰባበረ እንግሊዝኛው ተናገረ።

«ሚስተር ረፊቅ፣ አይፈርሙ። ግቧን ያገባው ሠርፀ አይደለም። የታገደው ልጅ ነው። ያሰለፍኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላው አንዱ ልጅ ግድግዳውን በቡጢ መታ። አቶ በቀለ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት አረጁ።

«ደብተሩን ብቻ ነበር የፈለግኩት» አሉ። «ገጹን ቆርጬ ልወጣ ስል ገባብኝ። ‹አንተም ዛሬ እንደነሱ ልትሰርቅ ነው?› አለኝ። ገፋሁት። እንደሚሞት አላወቅኩም።»

ሟቹ የዛሬ ሌቦች ያሏቸው እነማን እንደሆኑ ሐጎስ ማንም ሳይነግረው ገባው፤ አፈረም።

ካፒቴኑ ብስራትን ከሰባት ሰዓት በኋላ አመጣው። ግቢ ውስጥ የቆሙት ልጆች አልዘፈኑም፤ ሠርፀ ብቻ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ሄዶ አቀፈው። ብስራት ከትከሻው በላይ ሐጎስን አየ።

«ስንት ለስንት ተባለ?»

«ሦስት ለባዶ። ለእነሱ።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ ከታሰረ ጊዜ አንስቶ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። «እዚያ ሁለት ቀን የተቀመጥኩት ለዚያች ግብ ነበር እኮ፣ ጋሼ። አንተ ማነህ? ማን ፈቀደልህ?» አንተ ብሎት አያውቅም ነበር። በሁለት እጁ ደረቱን ገፋው፤ ሐጎስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ መልሶ ቀረበው።

«ማንም አልፈቀደልኝም» አለው። ሻንጣውን ከመሬት አነሣለት። «ተቆጣኝ። አውሮፕላን ውስጥም ተቆጣኝ። ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።»