ያልቀለጠው ቺዝና «ጥሩ ነው» ባዩ ሰዓት ሠሪ

ቺዙ አልቀለጠም። ሠላሳ ፒዛ፣ ሠላሳውም ላይ አልቀለጠም። እንደገባ ወጣ። ጫፍ ጫፉ ብቻ ደርቆ ተኮማትሯል።

ለምሳ የመጡት የመምህራን ማሠልጠኛው ሰዎች ጨዋ ናቸው። ቺዙን በሹካ ወደ ሳህኑ ዳር እየገፉ ከሥሩ ያለውን ቂጣ በሉ። ፒዛ ጋጋሪዋ ሳህኖቹን ስትሰበስብ ግን ሁሉንም አየች። ሠላሳ ሳህን፣ ሠላሳ የቺዝ ክምር።

«ለማክሰኞ አንድ ዕድል ሰጥተውናል» አለች የፒዛ ቤቱ ባለቤት የሆነችው አክስቷ። «ወተት የማይነኩ ሰዎች ናቸው፣ ከኛ ሌላ የሚሄዱበት አጥተው ነው እንጂ! ማክሰኞም እንዲህ ካዋረድሽኝ ምድጃውን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። የእህቴ ልጅ ነሽ ብዬ አልምርሽም፣ ችኩሌ።»

ችኩሌ ብላ የምትጠራት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። በደህና ቀን አትከፋም ነበር።

«ጥሩ ነው ተብዬ እኮ ነው!»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሰዓት ሠሪው።»

አክስቷ ሳቋ አመለጣት። «ያ የማዶው? የባሌን ሰዓት ወስጄለት ‹ይሄ ሞቷል፣ ቅበሪው› ያለኝ? ኧረ እሱ ሰውዬ ፊት አይቶ አያደላም! ለንጉሥም አይዋሽም።»

ልጅቷ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች።

ሰዓት ሠሪው ከእንስሳ የሚገኝ ነገር በአፉ አይዞርም። የዛሬ ሁለት ወር ፒዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ወተት የሌለበት ነገር ይኖራል?» አለ። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ሲተያዩ ሊጡ እጇ ላይ ደረቀ። ይሄ የቺዝ ጣጣ የመጣባት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ከካሹ ለውዝ የተሠራውን ቺዝ አመጣች፣ የኮኮናቱን አመጣች፣ የአኩሪ አተሩን አመጣች፣ የአልሞንድ ለውዙን አመጣች። እሷ የለመደችው የወተቱን ስለሆነ ሁሉም ያው ሳሙና ሳሙና ነው የሚላት። ስለዚህ ለሱ ታቀርብና ትጠይቀዋለች።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ሁሌ። ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ «ጥሩ ነው።» የካሹው ፒዛው ላይ እንደደረቀ ሲወጣ እንኳ እሱ ጠርጎ በልቶ «ጥሩ ነው» ሲል፣ ወተት የሌለው ቺዝ እንዲህ ነው መሰለኝ ብላ አመነችው፤ ሠላሳው ፒዛ ላይ ያደረገችውም የካሹውን ነው።

ቺዞቹን ሁሉ ከማቀዝቀዣው አውጥታ ፌስታል ውስጥ ከተተችና ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች።

«ሠላሳ ፒዛ!» አለች፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። «ምን ሆነ?»

«አልቀለጠማ! ለአክስቴ ሰዓትሽ ሞቷል ያልክ ሰውዬ፣ እኔ ጋ ስትደርስ ምላስህን ምን ያዘው?»

ማጉያውን በጨርቅ ወለወለ።

«ተናገር እንጂ!»

«አክስትሽ ብትቀየመኝ የማጣው አንድ ደንበኛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ካቻቢቴውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «አንቺ ብትቀየሚኝ ግን... በማግስቱም እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ፈልጌ ነው።»

ልቧ ድንግጥ አለ። ንዴቷ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰባት። እንዲህ ያለ ነገር በደህና ሰዓት አይነገርም?

«ነገ ተነስተህ እወድሻለሁ ብትለኝስ? እሱንም ‹ጥሩ ነው› እንዳልከኝ ነው የማምንህ?»

ልትወጣ ዞረች።

«ቁጭ በይ» አለ። ፌስታሉን ተቀብሎ ቺዞቹን ሰዓቶቹ መሀል ደረደረ። «ይሄ የካሹው ቀዝቃዛውን ዳቦ ላይ ሲቀቡት ግሩም ነው። እሳት ካየ ግን ኖራ ነው። የዚያን ቀኑን ከጉሮሮዬ ያወረድኩት በሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው።»

«በሁለት?»

«በሦስት።»

አፏን ያዘች።

«ይሄ የኮኮናቱ ቀዝቃዛውን ማስቲካ ነው። ስታርች የሚሉት ማያያዣ ዱቄት ስላለው ምድጃ ውስጥ ግን ይቀልጣል፤ ፒዛሽ ይሄ ነው። ስታስገቢው ጠብታ ውሃ እርጪበት። የአኩሪ አተሩን ሰላጣ ላይ ፈርፍሪው። ደረቁን የአልሞንድ ቺዝ ፓስታ ላይ ፈቅፍቂው፣ ሌላ ቦታ ድርሽ እንዳይል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቺዝ የለም።»

«ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«ስምንት ዓመት ለራሴ ሳበስል።»

«ስምንት ዓመት እያወቅክ ሁለት ወር ዝም ብለህ ታየኝ ነበር!»

ፌስታሏን ሰብስባ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ ተንቀጠቀጡ።

ማክሰኞ ቺዙ ቀለጠ። ተንተከተከ፣ ወርቃማ ሆነ፣ ሲነሳ ተጎተተ። ሠላሳ ሳህን ባዶውን ተመለሰ። አክስቷ አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና «ምድጃሽን ያዢ» ብላ ሄደች። ከሷ አፍ ይሄ ትልቅ ምርቃት ነው።

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ቆሟል። እግሩን ለማስገባት ፈርቷል።

«ትገባለህ ወይስ በሩን ትደግፍልኛለህ?»

ገባ። የመጨረሻውን ፒዛ ፊቱ አስቀምጣ እጇን አጣምራ ቆመች።

«እንዴት ነው?»

አኘከ። ጆሮው ቀላ። አኘከ። እሷ ትንፋሿን ይዛለች። ለአክስቷ እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

በሁለት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከሳህኑ ቆርሳ ቀመሰች። እውነትም በዝቷል።

«ሌላስ የምትለኝ የለም?»

«አለ።»

«በል ተናገር» አለች፣ ዱቄት የነካውን እጇን እጁ አጠገብ አድርጋ። «አሁን አምንሃለሁ።»